ቀይ ወረቀት፣ መቀስ እና አንድ ስም

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ በለንደን፣ በቶሮንቶ ወይም በሜልቦርን የሚማሩ ሕፃናት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደረታቸው ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ተሰክቶ ይታያል። ከእነዚህ ልጆች መካከል የኢትዮጵያውያን ልጆችም አሉ። እናት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብትል፣ «ለወታደሮቹ ነው» ከሚል መልስ ያለፈ ላታገኝ ትችላለች። የትኞቹ ወታደሮች? ስንት ናቸው? ማን ከማን ጋር ተዋግቶ? አበባውስ ለምን ቀይ ሆነ? መምህሩ ይህን ሳይነግረው ቀርቶ ከሆነ፣ ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተማረው መቀስ መያዝና ሙጫ መቀባት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ትምህርት ነው፤ አልንቀውም። መታሰቢያ ግን አይደለም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ የእጅ ሥራ መታሰቢያ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ነው። እንደኔ አስተያየት፣ አንዱ አበባ ለአንድ ሰው ቆሞ፣ ልጁም ያ ሰው ማን እንደነበረ ለመጠየቅ ሲገደድ ነው። ከዚያ በመለስ ያለው ሁሉ የግድግዳ ጌጥ ነው። በንግግሬ ውስጥ የውጭውን ታሪክ በአውሮጳውያን፣ የእኛን በእኛ የዘመን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በመጀመሪያ አበባው ራሱ የሚናገረው አለው። ስሙ ፖፒ ይባላል፤ በአውሮጳ እርሻ ውስጥ ሳይዘሩት የሚበቅል ቀይ አበባ ነው፤ ገበሬው እንደ አረም ይቆጥረዋል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሚነቃው መሬቱ ተገልብጦ ብርሃን ሲያገኝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን ፈረንሳይና በቤልጅየም ምድር፣ መድፍ ያረሰውን፣ ምሽግና መቃብር የተቆፈረበትን አፈር ያህል የተገላበጠ አልነበረም። ስለዚህ ሌላው ዕፅ ሁሉ በተቃጠለበት ቦታ ይህ አበባ ፈላ። ካናዳዊው ሐኪም ጆን ማክሬ በ1915 በኢፕር ግንባር ጓደኛው ከተገደለ በኋላ የጻፈው ግጥም አበባውን ዝነኛ አደረገው። በ1918 ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞይና ማይክል የተባለች አሜሪካዊት መምህር አበባውን ለመታሰቢያ ልታደርገው ወሰነች። ልጆች ይህን ሲሰሙ ቀይነቱን ከደም ጋር ለማያያዝ ይቸኩላሉ፤ ትልልቆችም እንደዚያው። እኔ ግን መምህሩ ከቀለሙ ይልቅ ከዘሩ ቢጀምር ይሻላል እላለሁ። መሬት ካልተገለበጠ አይበቅልም የሚለው እውነት፣ ደምን ሳይጠራ ጦርነት በምድር ላይ ምን እንዳደረገ ለሰባት ዓመት ልጅ ያስረዳል፤ ለዚያውም ባቄላ በጥጥ አብቅሎ ለሚያውቅ ልጅ።

ቀጥሎ፣ የመጀመሪያዎቹን የጨርቅ አበባዎች ማን ሠራቸው የሚለው አለ። አና ጌራን የተባለች ፈረንሳዊት ጦርነቱ ባወደማቸው የፈረንሳይ አውራጃዎች ያሉ ሴቶችና ልጆች አበባ እየሠሩ እንዲሸጡ፣ ገቢውም ለተጎዱት እንዲውል ያደረገች ናት። በ1921 ሐሳቡን ወደ ብሪታንያ ወሰደችው፤ በዚያው ዓመት የተመሠረተው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበርም ተቀበለው፤ የመጀመሪያው ሽያጭ 106,000 ፓውንድ ገደማ አስገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ጆርጅ ሃውሰን የተባለ ሻለቃ በለንደን አካላቸው የጎደለ የቀድሞ ወታደሮች የሚሠሩበት ትንሽ ፋብሪካ ከፈተ። አበባው ጉዳት ያለበት ሠራተኛ በቀላሉ ሊገጣጥመው እንዲችል ሆኖ ተቀየሰ። በፈረንሳይም ቢሆን፣ የዚያ አገር የመታሰቢያ አበባ የሆነውን ሰማያዊ አበባ በ1916 በፓሪስ አንቫሊድ ሆስፒታል ቁስለኞች ከስስ ጨርቅና ከጋዜጣ ቁራጭ ይሠሩት ነበር። እንግዲህ ይህ የእጅ ሥራ ለሕፃናት ማዝናኛ ተብሎ አልተፈጠረም። የባል አልባዋ የዕለት እንጀራ ነበር፤ እግሩን ያጣው ሰው ተረጂ ሳይሆን ሠራተኛ የተባለበት ሙያ ነበር። ይህን ከእጅ ሥራው መለየት ስህተት ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች አንድ ነገር ማከል ይቻላል፦ አንዱን አበባ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው እንዲገጣጥሙት። ወረቀቱ ይንሸራተታል፤ ቁልፉ ይወድቃል፤ ይስቃሉ። ይሳቁ። ሳቁ ሲበርድ፣ ይህን ሥራ ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በአንድ እጅ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች እንደነበሩ መምህሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ይበቃዋል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ የብዙ ወላጆች ተቃውሞ ነውና በቀላሉ አላልፈውም። «ልጅ ልጅ ነው፤ የሞት ወሬ ለምን ይነገረዋል? ሲያድግ ይደርስበታል» ይላሉ። ቅን ሐሳብ ነው። ግን ልጁ ምንም አልሰማም የሚል ግምት ተሸክሟል፤ ግምቱም አይጸናም። ልጅ ቴሌቪዥን ያያል፤ ለቅሶ ቤት ይወሰዳል፤ ትልልቆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ጆሮው ይቆማል። ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላበትም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የሚያስፈራ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይስማ አይስማ ሳይሆን በማን፣ በምን ያህል መጠን ይስማ ነው። የእጅ ሥራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እጁ ሥራ የያዘ ልጅ ዐይኑን ከሰው ዐይን አንሥቶ ወረቀቱ ላይ ማድረግ ይችላል፤ መስማት ሲበዛበት ወደ መቀሱ ይሸሻል፤ ሲበረታ ይጠይቃል። እናቶች ጥጥ እየፈተሉ፣ ስፌት እየሰፉ ከባድ ነገር የሚነጋገሩት ለምን እንደሆነ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት የሥነ ልቦና መጽሐፍ አያስፈልገውም። በቀጥታ ተቀምጦ ስለ ጦርነት የሚነገር ንግግር ልጁን ያስጨንቀዋል፤ መጠኑን ልጁ ራሱ በእጁ ሲቆጣጠረው ግን ሌላ ነው።

ሆኖም መጠን መወሰን አንድ ነገር ነው፣ ታሪኩን ማጣፈጥ ሌላ። ለዚህ ከፖፒ የበለጠ የሚያስተምረን የጃፓን የወረቀት ወፍ ነው። ሳዳኮ ሳሳኪ በሂሮሺማ ላይ ነሐሴ 6 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአሥር ዓመት በኋላ በደም ካንሰር ታመመች፤ ሆስፒታል ተኝታ፣ ሺህ የወረቀት ወፍ ያጠፈ ሰው ምኞቱ ይሞላል የሚለውን የአገሯን ልማድ ይዛ፣ ባገኘችው ወረቀት፣ በመድኃኒት መጠቅለያ ሳይቀር፣ ወፍ ታጥፍ ጀመር። በጥቅምት 1955 በ12 ዓመቷ ሞተች። በ1977 በእንግሊዝኛ የታተመውና በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች የሚነበበው የልጆች መጽሐፍ 644 አጥፋ እንደሞተች፣ ቀሪውን የክፍል ጓደኞቿ እንደጨረሱላት ይተርካል። የሂሮሺማ የሰላም ሙዚየምና ቤተሰቧ የሚሉት ግን ሌላ ነው፦ ሺውን ጨርሳ አልፋ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በመጽሐፉ ታሪክ ወፎቹ ቢሞሉ ኖሮ ትድን ነበር የሚል ተስፋ በልጁ ልብ ውስጥ ይቀራል፤ ጓደኞቿም ሞልተውላታልና እንባው ይጣፍጣል። በእውነተኛው ታሪክ ልጅቷ የተባለችውን ሁሉ አደረገች፤ ቁጥሩን አሟላች፤ አልዳነችም። ይህኛው ይከብዳል፤ ግን ልጅን የሚያከብረው ይህኛው ነው። ወረቀት ማጠፍ ጦርነት እንደማያስቆም፣ በሽታ እንደማያድን ልጅ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የእጅ ሥራው አስማት ይሆንና አስማቱ ያልሠራ ቀን መታሰቢያውም አብሮ ይወድቃል። የልጅቷ ጓደኞች ያደረጉት ከአስማት የተሻለ ነበር፦ ከመላው ጃፓን ተማሪዎች ገንዘብ አሰባስበው የልጆች የሰላም ሐውልት አሠሩ። የተመረቀው በግንቦት 5 ቀን 1958፣ በጃፓን የልጆች ቀን ነው፤ ቀኑ በአጋጣሚ ከእኛው የድል ቀን፣ ከሚያዝያ 27 ጋር አንድ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር ልምጣ፤ ዋናው ክርክሬ ያለው እዚህ ነው። ልጅ «ብዙ ሰው ሞተ» ሲባል ብዙ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እኛም ብንሆን አናውቅም። እጅ ግን ይቆጥራል። በ2014 በለንደን ግንብ ዙሪያ ባለው ቦይ 888,246 የሸክላ ፖፒዎች ተተከሉ፤ እያንዳንዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞተ አንድ የብሪታንያ ወይም የቅኝ ግዛቶቿ ወታደር። የመጨረሻውን የተከለው የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እስኪ ይህን ቁጥር ለአንድ የ40 ተማሪ ክፍል እንስጠው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የወረቀት አበባ በ10 ደቂቃ ቢሠራ፣ በቀን አራት ሰዓት ቢሠሩ፣ ክፍሉ በቀን 960 አበባ ያወጣል። በዓመት 200 የትምህርት ቀን ብንቆጥር ሥራው ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ይወስዳል። ጦርነቱ ራሱ የፈጀው ከአራት ዓመት ጥቂት ብቻ የሚያልፍ ነው። በዚህ መጠን የሚሠሩ አርባ ልጆች፣ ጦርነቱ የገደለውን ጦርነቱ በገደለበት ፍጥነት በወረቀት እንኳ መተካት አይችሉም። ይህን ስሌት መምህሩ መናገር የለበትም። አንድ አበባ ሠርተው ሰዓቱን ካዩ በኋላ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ራሳቸው ያውጡት።

ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ግን ስም ይጠፋል። ለክፍል የሚመቸው በልክ የሆነ ቁጥር ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጥር በእጃችን አለ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጀምሮ በዚያ ጦርነት የወደቁት ኢትዮጵያውያን በተለምዶ 121 ተብለው ይቆጠራሉ፤ የቆሰሉት 536። ለሟቾቹ በአዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በኮሪያም ቹንቾን ከተማ ውስጥ እንደዚሁ። በቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ግድግዳ ላይ የሟቾች ስም ተቀርጿል። አርባ ልጆች ሦስት ሦስት ቢሠሩ 120 ይሆናል። አንዷን መምህሩ ይሥራት። ከአበባው ሥር በምትንጠለጠል ትንሽ ካርድ ላይ አንድ ስም ይጻፍ፤ የሚታወቅ ከሆነ ማዕረጉ። ልጁ ስሙን በራሱ እጅ ሲጽፍ ፊደሉን ያርማል፤ «ይህ ስም ከአያቴ ስም ጋር አንድ ነው» ይላል፤ «ልጅ ነበረው?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ መልስ ባይኖረውም ጥያቄው ከአፉ ወጥቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን የሚመጣ ነው፦ «ይህ ሁሉ ጦርነትን ማወደስ አይደለምን? ሕፃናትን ከወዲሁ ለሚቀጥለው ዘመቻ ማዘጋጀት አይሆንምን?» በብሪታንያ ይህ ጥያቄ ገና በ1930ዎቹ ተነሥቷል። በ1933 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሴቶች ነጭ ፖፒ አወጡ፤ ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። የሞቱትን ሁሉ፣ ሲቪሉንም ጠላት የተባለውንም እናስባለን፤ ጦርነት ግን አይደገም፤ የሚል ነበር መልእክታቸው። ቀይና ነጩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይህ ክርክር ለልጆች መደበቅ ያለበት አይመስለኝም፤ አሥር ዓመት ያለፈው ተማሪ ሁለቱንም ቀለም ጠረጴዛው ላይ አግኝቶ ይምረጥ፤ ምክንያቱን ይናገር፤ አልመርጥም ካለም ይተው። ተቃዋሚዎቹ ሙሉ በሙሉ ትክክል የሚሆኑት አበባው ግዴታ ሲሆን ነው። ያላደረገ ልጅ በክፉ ዐይን የሚታይበት ክፍል ውስጥ አበባው የደንብ ልብስ ሆኗል፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ደግሞ የሚያስበው ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለሚያየው ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከነጭ ፖፒ ወገን ነኝ። መታሰቢያን ሁሉ ውትወታ ነው ብለው ሲደመድሙ ግን አልከተላቸውም፤ ስም መጻፍ ማንንም ወታደር አያደርግም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከአፍሪካ የሚነሣ ነው። ቀዩ አበባ ማንን ያስባል? በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አፍሪካ የተዋጋው የእንግሊዝ ጦር ስንቁንና ጥይቱን ያመላለሰው በአፍሪካውያን ተሸካሚዎች ጀርባ ነበር። በረሃብ፣ በተቅማጥ፣ በወባ በአሥር ሺዎች አለቁ። ናይሮቢ ውስጥ ካሪዮኮር፣ ዳሬ ሰላም ውስጥ ካሪያኮ የሚባሉት ሠፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ የተሸካሚዎች ጓድ ነው፤ ዛሬ መንገደኛው ሲያልፍ ያንን አያስበውም። የጦር መቃብሮችን የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ዘገባ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች የሆኑ ሟቾች በስማቸው እንዳልተዘከሩ ወይም ጨርሶ እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ለንደን ላይ የተተከሉት የሸክላ አበባዎች ቁጥር ያን ያህል ሆኖ እንኳ እነዚህ ሰዎች በስም የሉም። እንግዲህ «ይህ የነጮች በዓል ነው፤ ልጄን አያገባውም» የሚል ወላጅ ቢነሣ ሊደንቀን አይገባም። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻ እንከተለው። በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያ ከአገራችን ስትባረር ከአርበኞቻችን ጎን ከተሰለፉት ወታደሮች ብዙዎቹ ከሕንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከጎልድ ኮስት፣ ከኬንያ፣ ከሱዳን፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ነበሩ፤ በአዲስ አበባም የእነሱ ዘመን የጦር መቃብር አለ። ለንደን ያለው የሐበሻ ልጅ ደረቱ ላይ የሰካው አበባ እነዚያንም ይመለከታል፤ ማንም ስላልነገረው አያውቅም እንጂ።

ስም የሌለው ሰው ካርድ ላይ ታዲያ ምን ይጻፋል? «ያልታወቀ ወታደር» ማለት ይቻላል፤ ተሸካሚው ግን ወታደር አልተባለም። መምህሩ ክፍተቱን በሚያምር ቃል ሊሞላው ይፈተናል፤ አይሙላው። ካርዱ ባዶ ይንጠልጠል። ባዶ ካርድ ያየ ልጅ «ይሄ ለምን አልተጻፈም?» ማለቱ አይቀርም፤ የጦርነትን ግፍ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው፦ ማንም ስላልመዘገበው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የተጨፈጨፉትን የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሏል፤ ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ ደግሞ ለከተማዋ ወደ 20,000 የሚጠጋ ግምት ሰጥቷል። ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልት አለን፤ በየዓመቱም የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ግን የሟቾቹ አብዛኛው ስም የለንም። የእኛም ካርድ ባዶው ይበዛል። የቁጥሩ መለያየት ራሱ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርት ነው፦ ሲገድሉ ያልመዘገቡ ሰዎች፣ ሬሳ ያቃጠሉ ሰዎች፣ ቆጣሪውን እስከ ዛሬ ያከራክራሉ።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል፤ ለእሱ ሙሉ መልስ እንዳለኝ አላስመስልም። ከቅርብ ዓመታት ጦርነቶቻችን በኋላ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ አባቱ በአንዱ ወገን የሞተ ልጅና አጎቱ በሌላው ወገን የሞተ ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥም፣ ዋሽንግተን ውስጥ ባለ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤትም። ለእነዚህ ልጆች «ኑ አበባ እንሥራ» ማለት ቁስል መንካት ነው። አንዳንዱ ሐዘን ገና ትኩስ ነው፤ ትኩስ ሐዘን በክፍል ውስጥ አይታረምም፣ ማርክ አይሰጠውም። ስለዚህ ከሩቁ መጀመርን እመርጣለሁ፤ ከኮሪያ፣ ከየካቲት 12፣ ከካሪዮኮር። ባንዲራ፣ ዓርማና የመሪ ፎቶ ከጠረጴዛው ይነሣ፤ ወረቀት፣ መቀስ፣ ክርና ካርድ ብቻ ይቅር። ከልጆቹ አንዱ በራሱ ጊዜ የራሱን ሰው ስም ልጻፍ ካለ ይጻፍ፤ መምህሩ ማን እንደገደለው አይጠይቀው፤ ሌላውም ልጅ የራሱን ይጻፍ። ይህ ሁለቱን ያስታርቃል አልልም። ሁለት ካርዶች በአንድ ክር ላይ ይሰቀላሉ፤ የማውቀው እስከዚያ ድረስ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ልጆች ባዕድ እንደማይሆን አስባለሁ። ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥሎ፣ በቀለም አድምቆ ከቤት ወደ ቤት የሚያድል ልጅ ባለበት አገር፣ ወረቀት ላይ ትርጉም ማስቀመጥ አዲስ ትምህርት አይደለም። ፖፒ የግድ አይደለም፤ አደይ አበባም ይሆናል፤ አበባ ያልሆነ ነገርም ይሆናል። ይልቅ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሆነው ያሳስበኛል። በዓሉ ባለፈ ማግስት አበባዎቹ ቅርጫት ውስጥ ሲጣሉ ያየ ልጅ፣ ሙሉ ሳምንት የተነገረውን ሁሉ በአንድ እይታ ይሽረዋል። ሂሮሺማ በየዓመቱ ከመላው ዓለም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ የወረቀት ወፎች ይደርሷታል፤ ከተማዋም ከጊዜ በኋላ ወረቀቱ ተመልሶ ወረቀት እንዲሆን ታደርጋለች። ትምህርት ቤት ይህን ያህል ጣጣ የለበትም። አንድ የካርቶን ሳጥን ይበቃል። ስም ያላቸው ካርዶች በአንድ በኩል፣ ባዶዎቹ በሌላ በኩል ይታሰሩ፤ ሳጥኑም ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል ይተላለፍ፤ አዲሶቹ ልጆች መቀስ ከማንሣታቸው በፊት ከባዶዎቹ አንዷን እንኳ መሙላት ይቻል እንደሆነ አያቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ።